በአንድ ሣጥን ውስጥ ብዙ መዝገብ

በዘመናችን ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከአህጉርም ወደ አህጉር የሚተላለፈው መልእክት ሁሉ ከመነሻው እስከ መድረሻው ድረስ ራውተር በሚባሉ ብዙ መሣሪያዎች በኩል የሚያልፍ ሲሆን፣ እነዚህ መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው የትኛው አድራሻ በየትኛው በርና በየትኛው ጎረቤት በኩል እንደሚገኝ የሚያመለክት መዝገበ ፍኖት፣ በሞያው ሰዎች አነጋገር ራውቲንግ ቴብል፣ ይዘዋል። ይህ መዝገብ በጥንቱ ለአንድ መሣሪያ አንድ ብቻ ነበረ። ዛሬ ግን በአንድ ትልቅ የቴሌኮም ድርጅት ግቢ የተተከለ አንድ ራውተር እርስ በርሳቸው የማይተያዩ፣ አንዱ የሌላውን መኖር እንኳ የማያውቅ፣ በመቶ የሚቆጠሩ መዝገቦችን በአንድ ሣጥን ውስጥ ይሸከማል፤ የመሣሪያው ጠባቂ የሆነው መሐንዲስም ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው የትኛው መንገድ እንዲሻገር፣ የትኛውም እንዲከለከል በየዕለቱ ይወስናል። ይህ ሥርዐት በአንድ ሰው ብልሃት በአንድ ቀን የተገኘ ሳይሆን፣ ከብዙ ውድቀትና ከብዙ ትዕግሥት በኋላ የመጣ ስለ ሆነ፣ ጥንተ ነገሩን መመርመር ይገባል። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኦክቶበር 29 ቀን 1969 በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና በስታንፎርድ የምርምር ተቋም መካከል አርፓኔት በተባለው ኔትወርክ የመጀመሪያው መልእክት በተላለፈ ጊዜ፣ መንገድ የማሳየቱን አገልግሎት የፈጸመው ቢቢኤን የተባለው የማሳቹሴትስ ኩባንያ በሃኒዌል 516 ኮምፒውተር ላይ ያሰናዳው ኢምፕ የተባለ መሣሪያ ነበር። የአርፓኔት ባለቤቶች ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚመደብ ገንዘብ የሚሠሩና በአብዛኛው እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ሊቃውንት እንደ መሆናቸው መጠን፣ አንዱ ኢምፕ ለሌላው የሚነግረውን የመንገድ ወሬ ተቀባዩ እየመረመረ ይህን ልያዝ፣ ያን ልመልስ ይል ዘንድ አላስፈለጋቸውም። መንገዱ ሁሉ የሁሉ ነበረ፤ ወሬውም እንዳለ ይታመን ነበር።

ይህ የመተማመን ዘመን ብርቱ ፈተና ያገኘው ኦክቶበር 27 ቀን 1980 ነው። በዚያ ዕለት አርፓኔት በሞላው ለብዙ ሰዓታት ሥራውን አቆመ። የነገሩን ምሥጢር መርምረው በ1981 አርኤፍሲ 789 በተባለው ሰነድ የገለጹት የቢቢኤን ባልደረባ ኤሪክ ሮዘን ናቸው፤ አርኤፍሲ የሚባሉትም የኢንተርኔት ሥርዐት የሚጻፍባቸው፣ በተራ ቁጥር የሚታወቁ ሰነዶች ናቸው። እያንዳንዱ ኢምፕ ስለ መስመሮቹ ሁኔታ ለሌሎች በሚልከው ማስታወቂያ ላይ ከ0 እስከ 63 የሚደርስ ተራ ቁጥር ያትም ነበር፤ ቁጥሩም 63 ላይ ሲደርስ እንደገና ከ0 ይጀምር ስለ ነበረ፣ ከሁለት ማስታወቂያዎች አዲሱ ተብሎ የሚቆጠረው ከሌላው እስከ ግማሽ ዙር ድረስ ወደ ፊት የራቀው ነበር። በዚያች ቀን በመሣሪያ ብልሽት ምክንያት 44 ተብሎ የተቆጠረ የአንድ ኢምፕ ማስታወቂያ አንድ ቢት ወድቆበት 40 ሆነ፤ ከዚያም ሌላ ቢት ወድቆበት 8 ሆነ፤ በሁለትዮሽ አጻጻፍ 101100 የነበረው 101000፣ ቀጥሎም 001000 መሆኑ ነው። እንግዲህ በሕጉ መሠረት 44 ከ40 ይልቅ አዲስ ነው፤ 40ም ከ8 ይልቅ አዲስ ነው፤ 8 ደግሞ ዙሩን ጨርሶ የመጣ ስለሚመስል ከ44 ይልቅ አዲስ ነው። ሦስቱ ማስታወቂያዎች ማብቂያ በሌለው ዙር እየተሻሻሩ ከኢምፕ ወደ ኢምፕ ተላለፉ፤ ኢምፖቹም እነርሱን ከማስተናገድ በቀር ሌላ ሥራ መሥራት ተሳናቸው። ፈውሱ የተገኘው የዚያን የአንዱን ኢምፕ ማስታወቂያ እንዳይቀበሉ የሚያዝ ጥገና በኢምፖቹ ላይ በመጫን ነው። ይህ ከዚህ ምንጭ የሚመጣውን አትስማ የሚል ትእዛዝ በችኮላና በጭንቅ የተወለደ ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲህ ማጣሪያ ተብሎ ለተደራጀው ጥበብ ሁሉ ዘሩ በውስጡ አለ ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ታሪክ ላይ መቆየቴ በምክንያት ነው። እኒሁ ኤሪክ ሮዘን በኦክቶበር 1982 አርኤፍሲ 827ን ጽፈው ኢጂፒ የተባለውን ሥርዐት ሲያቀርቡ፣ ኔትወርኩ አንድ አካል መሆኑ ቀርቶ ራሳቸውን በሚያስተዳድሩ ክፍሎች የተከፈለ እንዲሆን፣ በአንዱ ክፍል ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው በሙሉ ልብ ቢተማመኑም ከድንበሩ ውጭ ያለውን ግን በሌላ ዓይን እንዲያዩት መሠረት ጣሉ። እነዚህም ክፍሎች በየራሳቸው ቁጥር የሚታወቁ፣ እስከ ዛሬም ኦቶኖመስ ሲስተም የሚባሉ ናቸው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ በአንድ ሣጥን ውስጥ መዝገብን ከመዝገብ የመለየቱ ሥራ በተጀመረ ጊዜ ከዋነኞቹ ጸሐፍት አንዱ ሆነው እንደገና እናገኛቸዋለን። የ1980ውን ቀን ያየ ሰው ድንበር ማበጀትን ሥራዬ ብሎ መያዙ የሚያስገርም አይደለም።

ኢጂፒ በአንድ ግንድ ላይ እንደ ተሰቀሉ ቅርንጫፎች ለተደራጀ ኔትወርክ የተበጀ ስለ ነበረ፣ ግንዱ ብዙ በሆነ ጊዜ ዐቅም አጣ። በጃንዩዋሪ 1989 የኢንተርኔት መሐንዲሶች ጉባኤ በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ በተደረገ ጊዜ፣ የአይቢኤሙ ያኮቭ ሬኽተርና የሲስኮው ከርክ ሎሂድ በምሳ ገበታ ላይ ሳሉ የአዲሱን ሥርዐት ንድፍ በሶፍት ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ያም ንድፍ በዚያው ዓመት በጁን ወር አርኤፍሲ 1105 ሆኖ ወጣ፤ ስሙም ቢጂፒ ተባለ። ከዚህ ሥርዐት ዐቢይ ቁም ነገር ሆኖ የሚታየኝ፣ መንገዱ ያለፈባቸውን የድርጅቶች ቁጥሮች በተርታ ይዞ መምጣቱና፣ ተቀባዩም ያንን ተርታ አይቶ በራሱ ፈቃድ መቀበልም ሆነ መመለስ መቻሉ ነው። በዚያው ዘመን የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ኔትወርክ ለምርምርና ለትምህርት እንጂ ለንግድ እንዳይውል ደንብ ስለ ነበረው፣ አስተዳዳሪው ሜሪት የየትኛው ድርጅት አድራሻ በየትኛው በር እንዲገባ የሚፈቅድ መዝገብ ይዞ በዚያ መሠረት ያጣራ ነበር። በዚህ ጊዜ ማጣራት የብልሽት መድኃኒት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአስተዳደር መሣሪያ ሆነ። ያ ኔትወርክ በኤፕሪል 1995 ሲዘጋ ግን ጥንቃቄው ለየኩባንያው ትጋት ተተወ፤ ትጋቱም ከኩባንያ ኩባንያ ይለያይ ነበር። ኤፕሪል 25 ቀን 1997 የኦቶኖመስ ሲስተም ቁጥር 7007 ባለቤት የሆነው የአሜሪካ ድርጅት አንድ ራውተር ከሌሎች የተማራቸውን መንገዶች በትንንሹ ቆራርጦ ሁሉም የእኔ ናቸው ብሎ ባስታወቀ ጊዜ፣ ጠበብ ያለው አድራሻ ከሰፊው ይልቅ ስለሚመረጥ የኢንተርኔቱ ታላቅ ክፍል ወደዚያ ወደ አንዱ መሣሪያ ፈሰሰ፤ መሣሪያው ከተነቀለ በኋላም ሐሰተኛው መንገድ በሌሎች መዝገቦች ውስጥ ለሰዓታት ቆየ።

ይህ ሁሉ በሰፊው አደባባይ ሲሆን፣ በሌላ ወገን ደግሞ ከሰው ዐይን የራቀ ሌላ ፍላጎት ያድግ ነበር። ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶች፣ በብዙ ከተማ ቅርንጫፍ ያላቸው ነጋዴዎች መልእክታቸው ከሌላ ሰው መልእክት ጋር ሳይቀላቀል ከቤት ወደ ቤት እንዲደርስላቸው ይፈልጉ ነበር። መጀመሪያ መስመር ተከራዩ፤ በኋላም ፍሬም ሪሌይ በሚባለው አገልግሎት በቴሌኮሙ ኔትወርክ ውስጥ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዘረጋ የሐሳብ መስመር ገዙ። ነገር ግን ሁሉም ቅርንጫፍ ከሁሉም ጋር በቀጥታ ይገናኝ ከተባለ 20 ቅርንጫፍ 190 መስመር፣ 100 ቅርንጫፍ ደግሞ 4950 መስመር ያስፈልገዋል፤ አንድ ቅርንጫፍ በተጨመረ ቁጥርም በሌሎቹ ሁሉ ላይ አዲስ ሥራ ይመጣል። በዚህ ላይ በፌብሩዋሪ 1996 የወጣው አርኤፍሲ 1918 ማንም ሰው በግቢው ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚጠቀምባቸውን አድራሻዎች፣ ይኸውም በ10 የሚጀምሩትን፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትንና በ192.168 የሚጀምሩትን ለሁሉ ስለ ለቀቀ፣ ዐሥሩም ባንክ ዐሥሩም ነጋዴ ያንኑ 10.1.1.0 የተባለ አድራሻ ይዘው ተገኙ። አንድ መዝገብ ያለው ራውተር ይህን አይችልም፤ በአንድ መዝገብ ውስጥ ለአንድ አድራሻ ሁለት ባለቤት ቢጻፍ አንዱ የሌላውን ይወስዳልና።

መፍትሔው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1996 ኢፕሲሎን የተባለ ወጣት ኩባንያ የአይፒን መልእክት በስዊች ፍጥነት ለማስተላለፍ ብልሃት አለኝ ብሎ በተነሣ ጊዜ፣ ሲስኮም በዚያው ዓመት ታግ ስዊችንግ የተባለውን ሥራውን አወጣ፤ ይኸውም በመልእክቱ ራስ ላይ አጭር ምልክት አትሞ በመካከል ያሉ መሣሪያዎች አድራሻውን ሳያነቡ በምልክቱ ብቻ እንዲያሳልፉት የሚያደርግ ነው። ይህ ሐሳብ በኢንተርኔት መሐንዲሶች ጉባኤ ታርሞ ኤምፒኤልኤስ ተባለ፤ ዋናው ሰነዱ አርኤፍሲ 3031 በጃንዩዋሪ 2001 ወጣ። ለፍጥነት የታሰበው ምልክት ከዚያ የሚበልጥ ሌላ ጥቅም እንዳለው ግን ከዚያ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ኤሪክ ሮዘንና ያኮቭ ሬኽተር በማርች 1999 ባወጡት አርኤፍሲ 2547 እንዲህ ያለ ሥርዐት አቀረቡ፦ በቴሌኮሙ ኔትወርክ ዳር የተተከለው ራውተር ለየደንበኛው የተለየ መዝገበ ፍኖት ይያዝ፤ ይህም ቪአርኤፍ ይባል፤ የየደንበኛው መስመር የገባበት በር ለዚያ መዝገብ ብቻ ይገዛ፤ መካከለኞቹ ራውተሮች ግን የማንንም ደንበኛ መንገድ አይወቁ፣ ምልክቱን እያዩ ብቻ ያሳልፉ። ምልክቱም በሁለት ድርብ ይሆናል፤ የላይኛው ወደ መድረሻው ዳር ራውተር ያደርሳል፣ የታችኛው መልእክቱ የማን መሆኑን ይነግራል።

ዐሥሩ ባንኮች የያዙት አንድ ዓይነት አድራሻ በቢጂፒ ሲተላለፍ እንዳይደባለቅ ሁለቱ ጸሐፍት ያሰቡት ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ በአንድ ሰፈር ሦስት ከበደ ቢኖሩ በአባታቸው ስም እንደምንለያቸው ሁሉ፣ በ4 ባይቱ አድራሻ ፊት 8 ባይት የሚሆን መለያ፣ ሩት ዲስቲንጉዊሸር የተባለ፣ ይጨመርበታልና 12 ባይት ሆኖ ይጓዛል። መለያው ግን ማን ማንን እንዲያይ አይወስንም። ይህን የሚወስነው ሩት ታርጌት የተባለው ሌላው ምልክት ነው፤ አንዱ መዝገብ መንገዱን ሲያወጣ ለምሳሌ 64500፡100 የሚል ምልክት ያትምበታል፤ ሌላው መዝገብ ደግሞ ይህን ምልክት የያዘውን ብቻ አስገባ ተብሎ ይታዘዛል። ብዙ ተማሪዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች ያምታታሉ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት አጻጻፍ ስላላቸው አይፈረድባቸውም፤ ቢሆንም የሥርዐቱ ሁሉ ውበት በዚህ መለየት ላይ ይመስለኛል። ማንነት በአንድ ምልክት፣ ፈቃድ በሌላ ምልክት ስለ ተጻፈ፣ አንድ መንገድ ማንነቱን ሳይለውጥ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለዐሥር መዝገቦች ሊፈቀድ ይችላል። ሁለት ድርጅቶች በአንድ የጋራ ጉዳይ መገናኘት ቢፈልጉ የሚገናኙበትን አድራሻ ብቻ በሁለቱም ምልክት ማውጣት ይበቃቸዋል። ቅርንጫፎች እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ብቻ እንዲነጋገሩ ቢፈለግም ዋናው አንድ ምልክት ያወጣል፣ ቅርንጫፎቹ ሌላ ያወጣሉ፣ እያንዳንዱ የባልንጀራውን እንጂ የራሱን ወገን ምልክት አያስገባም። አርኤፍሲ 2547 በፌብሩዋሪ 2006 በአርኤፍሲ 4364 ተተክቶ የታቀደ ሥርዐት ማዕረግ ሲያገኝም መሠረቱ ይኸው ነበር፤ በዚያ ጊዜ ሬኽተር ከሲስኮ ወደ ጁኒፐር ኩባንያ ተሻግረው ስለ ነበር ሁለቱ ጸሐፍት በሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ስም ሆነው አንድ ሰነድ ፈረሙ።

መዝገብን ከመዝገብ መለየት ቀላል ነው፤ ጥቂት ትእዛዝ ይበቃዋል። የተለያዩትን በልክ ማገናኘት ግን የሞያተኛው ጥበብ የሚፈተንበት ነው። በ1996 የተመሠረተውና የመጀመሪያ ራውተሩን ኤም40ን በ1998 ያወጣው ጁኒፐር በጁኖስ ሶፍትዌሩ ለዚህ ብዙ በር ሰጥቷል። በጥንቱ መንገድ ሪብ ግሩፕ የሚባል ቡድን ተበጅቶ መንገዱ በቅድሚያ የሚጻፍበት ዋናው መዝገብ አንደኛ፣ ቅጂው የሚገባባቸው ተከታይ ሆነው ይዘረዘራሉ፤ ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ ነገሩ ሁሉ ይሳሳታል። በሌላው መንገድ ኢንስታንስ ኢምፖርት የሚባለው ትእዛዝ አንዱ መዝገብ ከሌላው መንገድ የሚስብበትን ፖሊሲ ይጠራል። ፖሊሲው በአንቀጽ በአንቀጽ የተጻፈ ሕግ ነው፤ በቅርብ ለሚያየው ሰው የሚከተለውን ይመስላል፦ አንደኛው አንቀጽ የጋራ አገልግሎት ከተባለው መዝገብ የመጣ፣ አድራሻውም ልክ 10.50.1.0/24 የሆነ እንደ ሆነ ይግባ ይላል፤ የመጨረሻው አንቀጽ ምንም ሁኔታ ሳይጠቅስ ሌላው ሁሉ ይመለስ ይላል። አንቀጾቹ ከላይ ወደ ታች ስለሚነበቡ ይመለስ የሚለው በስሕተት ከላይ ቢጻፍ ከበታቹ ያለው ፈቃድ ሁሉ ሙት ሆኖ ይቀራል፤ ልክ የሚለው ቃል ቀርቶ ከዚህ የሚጠብ ሁሉ የሚል ቢተካበት ደግሞ ያልታሰቡ አድራሻዎች ተከትለው ይገባሉ። በአንድ ራውተር ላይ ያሉ ሁለት ቪአርኤፎች ምልክታቸው ቢስማማም በጁኖስ ሥርዐት ኦቶ ኤክስፖርት ካልታዘዘ በቀር በቀጥታ እንደማይለዋወጡም ሥራውን ያልለመደ ሰው አያውቅም፤ ምክንያቱም የምልክቱ ንግግር በተፈጥሮው ከራውተር ወደ ራውተር የሚደረግ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ችግር አለ፤ ይኸውም የመልሱ መንገድ ነው። ደንበኛው የጋራ አገልግሎቱን አድራሻ በመዝገቡ ውስጥ ቢያገኝ ጥያቄው ይሄዳል፤ አገልግሎቱ ግን በራሱ መዝገብ ውስጥ የደንበኛውን አድራሻ ካላገኘ መልሱ መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ከደንበኛው ወገን ሲታይም ሁሉ ነገር ትክክል መስሎ ሳለ ምንም አይሠራም። መንገዱን በሁለቱም አቅጣጫ መፍቀድ ይገባል። ነገር ግን ሁለት ደንበኞች ያንኑ 10.1.1.0/24 ይዘው ከአንዱ አገልግሎት ጋር ቢገናኙ በአገልግሎቱ መዝገብ ውስጥ የሁለቱ መልስ ይጋጫል፤ ቪአርኤፍ ለያይቶ ያስቀረው ግጭት በመገናኛው በር ላይ ሲጠብቅ ይገኛል። ያን ጊዜ የአንዱን ደንበኛ አድራሻ ከመሻገሩ በፊት በሌላ መለወጥ፣ በሞያው አነጋገር ናት ማድረግ፣ ግድ ይሆናል። በእኔ አስተያየት የዚህ ሞያ ጥልቅ ዕውቀት ያለው በዚህ ስፍራ ነው፤ መለየቱ ያራቀውን ነገር ማገናኘቱ መልሶ ያቀርበዋልና፣ የሚያገናኝ ሰው አስቀድሞ የሚለያየው ሰው ምን ፈርቶ እንደ ነበረ ማወቅ አለበት።

በአገራችንም ባንኮች ከቅርንጫፎቻቸው ጋር በአብዛኛው የሚነጋገሩት ከቴሌ በሚከራዩት፣ ቪፒኤን በሚባለው እንዲህ ያለ የተለየ መስመር ነው። ደንበኛው በመስኮቱ ፊት ቆሞ ሲስተም የለም የሚለውን ቃል ሲሰማ ብዙ ጊዜ የተቆረጠ ፋይበር ወይም የጠፋ መብራት ቢሆንም፣ መብራቱም በርቶ ፋይበሩም ደኅና ሆኖ ሳለ አንዲት መንገድ ከመዝገብ ወደ መዝገብ መሻገር ስላቃታት ብቻ ሥራ የሚቆምበት ቀንም አለ፤ እንዲህ ያለውን ብልሽት ማግኘት መብራትና ፋይበር ከመፈለግ የሚበልጥ ዕውቀት ይጠይቃል።

ወደ ሰፊው አደባባይ ስንመለስ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩትዩብን በአገሩ ውስጥ ብቻ ለመዝጋት ያሰበበትን 208.65.153.0/24 የተባለ መንገድ ወደ ውጭ አወጣው፤ ወደ ዓለም የሚያገናኘው ፒሲሲደብሊው ሳያጣራ ተቀብሎ አስተላለፈው፤ ዩትዩብ ያስታውቅ የነበረው 208.65.152.0/22 ከዚህ የሰፋ ስለ ነበረ ጠባቡ ተመረጠና ለሁለት ሰዓት ያህል ብዙ የዓለም ሰው ዩትዩብን አጣ። ለቤት ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ወደ አደባባይ መሻገሩ ቪአርኤፍ በመዝገብና በመዝገብ መካከል የሚከለክለው ዓይነት ነገር ነው። እንዲህ ያለው መፍሰስ በጁን 2016 በአርኤፍሲ 7908 በዓይነት በዓይነቱ ተለይቶ ተጻፈ። ቀጥሎም በጁላይ 2017 የወጣው አርኤፍሲ 8212 በሁለት ድርጅቶች መካከል የቆመ የቢጂፒ ራውተር ግልጽ የሆነ ፖሊሲ ካልተጻፈለት አንድም መንገድ እንዳይቀበል፣ አንድም መንገድ እንዳያስታውቅ ደነገገ። በ1999 የተጻፈው ሥርዐት፣ የማስገቢያ ምልክት ያልተሰጠው ቪአርኤፍ ከራሱ በቀር የማንንም መንገድ የማይቀበል መሆኑን ከመነሻው ይዞት ነበር፤ ሰፊው ኢንተርኔት ያንኑ ሕግ ለመጻፍ 18 ዓመት ወሰደበት። አይኦኤስ ኤክስአር የተባለው የሲስኮ ራውተሮች ሶፍትዌር ከዚህ ድንጋጌ አስቀድሞ እንዲሁ ይሠራ ነበር፤ በየግቢው ያሉ ሌሎች ብዙ ራውተሮች ግን ዛሬም መሐንዲሱ በእጁ ጽፎ ካልዘጋቸው በቀር የመጣላቸውን ሁሉ ይቀበላሉ።